ሠላሳ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ጉልበቴ ከተጎዳ ሦስት ወር ሞላው። ዛሬም ሳልሮጥ መናፈሻው ውስጥ የመጨረሻው መስመር ገመድ ጥግ ቆሜ አጨበጨብኩ። ስድስት ዓመት ሲጨበጨብለት የኖረ ሰው ማጨብጨብ ምን ያህል እጅ እንደሚያዝል አያውቅም።

ሩጫው እንደ ድሮው ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አምስት ኪሎ ሜትር። ኩሬውን ሁለት ጊዜ ዞሮ በዛፎቹ መካከል ወደ መጨረሻው መስመር መግባት ነው። ሽልማት የለም፤ ሁሉም እንደ አቅሙ ይሮጣል፤ የማይችል ይራመዳል። አስተባባሪዋ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ሽማግሌውም ወጣቱም «ቲቸር» ይላቸዋል።

ባለቤቴ በሠላሳ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገባች። መሮጥ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ቀን ሙሉ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትቀመጥ፣ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ የምታርፍ ሴት ነበረች።

የእኔ ምርጥ ሰዓት ሃያ ሰባት ከአርባ ነው። ይህን የጻፍኩት ለመዝገብ ያህል ነው።

ስንወጣ አንዲት አዲስ ሯጭ «አንተ የእሷ ባል ነህ፣ አይደል?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ በዚያ ሜዳ ስሜ «ጋዜጣው» ነበር።

ግንቦት 8፣ ሰኞ

ሥራ ቦታ። አለቃችን በጠዋቱ ስብሰባ ስለ ቅዳሜው ሩጫ ጽሑፍ ጠየቀ። ተራ ሰው አምስት ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣው ለምንድን ነው? ስምንት መቶ ቃል። የወሩ መጨረሻ ላይ ይድረስ።

የስፖርት ገጹ አዘጋጅ ሳቀ። «ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ሜትር እኮ ሰው ዳቦ ሊገዛ የሚሄደው መንገድ ነው። ሩጫ ነው ይሉታል?»

«አንተ ዳቦ የምትገዛው በመኪና ነው» አልኩት። ቤቱ ሳቀ። ሥራው ግን እኔ ላይ ወደቀ።

እኔ የሁለተኛው ገጽ ኃላፊ ነኝ። «እርማት» የሚለው ሳጥን ያለው እዚያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የጋዜጣውን ስህተት በጋዜጣው ላይ ሳርም ኖሬያለሁ። ሌላው ሰው ልጆቹን ፎቶ ላይ እንደሚያሳይ እኔ ያረምኳቸውን ስህተቶች ማሳየት እችላለሁ።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

ተጣድፌያለሁ።

የባለቤቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በራ። አላየሁም። ማለቴ፣ አየሁና ማንበቤን አቆምኩ። «ቅዳሜ ከስድስት በታች እንሞክር» ይላል። ቅዳሜ አብሯት የሚሮጠው ባለ ፋርማሲ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ስድስት ደቂቃ፤ አምስት ጊዜ ስድስት ሠላሳ። ሒሳቡ ገብቶኛል።

ሌሎች ሯጮችም መልእክት ይላላካሉ። እኔም ድሮ እልክ ነበር።

ለማን እንደላክሁ ግን አላስታውስም።

ግንቦት 13፣ ቅዳሜ

ማስታወሻ ይዤ ሰዎች አነጋገርኩ።

የአውቶቡስ ሹፌሩ፦ «ማራቶን ሩጥ ብትለኝ ሥራ ልልቀቅልህ? ይሄ ግን ሲያልቅ ገና ጠዋት ነው። ቤቴ ስገባ ልጆቼ ዐይናቸውን እያሹ ይነሣሉ። ቀኑን ሳልነካው አንድ ነገር ጨርሻለሁ ማለት ነው።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት፦ «እኔ ሮጬ አላውቅም ልጄ፤ እቸኩላለሁ እንጂ። የምመጣው ስሜ ዝርዝሩ ላይ ስለሚወጣ ነው። ቤት ሁሉም እማማ ነው የሚለኝ። ስሜን ራሴም ልረሳው ነበር።»

ባለ ፋርማሲውን መተው አልቻልኩም፤ ከእኔ አጠገብ ቆሞ ውሃ ይጠጣ ነበር። እንዲህ አለ፦ «ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ የት እንደሚያመው ነው። እዚህም ያማል፤ ግን አጭር ስለሆነ የሕመሙ መጨረሻ ከሩቅ ይታያል። መጨረሻው የሚታይ ሕመም ሰው አይገድልም፤ እንዲያውም ሰው ያደርጋል።»

ጥሩ አባባል ነው። የራሱ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ባለቤቴ 31፡06። እሱም እዚያው አካባቢ። ላባቸውን ሳይጠርጉ ሁለቱም ወደ ዛፎቹ ተመልሰው ጠፉ። ሃያ ደቂቃ ያህል። ሰዓቴን ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ሲመለሱ አንዲት በጣም የቀጠነች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት መካከላቸው ነበረች፤ ከሁሉ መጨረሻ የምትደርሰው ተራማጅ ናት። መንገድ ላይ አግኝተዋት ይሆናል።

ወደ ቤት ስንመለስ «የት ሄደሽ ነበር?» አልኳት።

«እግሬን ላፍታታ።»

እግር ማፍታታት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ስድስት ዓመት አፍታትቻለሁ።

ግንቦት 17፣ ረቡዕ

ጽሑፉ አልሄድልኝ አለ። ሁሉም ያለኝን ጽፌ ሳየው የጤና ሚኒስቴር በራሪ ወረቀት ይመስላል። የጎደለው ነገር ቤቴ ውስጥ እንዳለ ዐውቃለሁ። ባለቤቴን ዕቃ ስታጥብ ጠየቅኳት።

«ይሄን ሩጫ የወደድሽው ለምንድን ነው?»

«ለጋዜጣ ነው ወይስ ለአንተ?»

«ለጋዜጣ።»

«ለጋዜጣ ከሆነ ለጤና ነው በል።»

«ለእኔ ከሆነስ?»

ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥታ አየችው። «አንተ መች ጠየቅኸኝ?» አለችና አስቀመጠችው።

አሁን ጠየቅኩሽ ማለት እችል ነበር። እስክሪብቶዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ደብተሩም ተከፍቶ ነበር። ለዚህ ይሆናል ያላልኩት።

ግንቦት 20፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ 30፡31። ገመዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ስሟን እየጠራ ነው። ፊቷ ቀልቷል፤ አፏን ከፍታ ነው የምትሮጠው። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁባት ልጃችን የተወለደች ቀን ነው። ያን ቀን ግን እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ቲቸር ጠሩኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቆመህ ከምትቆዝም ሥራ ያዝ። ሰዓት ያዢዋ ልጅ ልታገባ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሰው የለኝም። የጋዜጠኛ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

ሥራው ቀላል ነው። መስመሩን ሰው ባለፈ ቁጥር በእጅ የያዙትን መሣሪያ አንድ ጊዜ መጫን። ያለፉት ደግሞ በገመዱ መካከል ተሰልፈው በተራቸው ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይወስዳሉ። ከሩጫው በኋላ አንደኛው ሰዓት ለአንደኛው ካርድ፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው እየተባለ ይጋባል። «ስትሳሳት ወዲያው ንገረኝ» አሉኝ፤ «አንድ ጊዜ አበዝተህ ከተጫንክ ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ሁሉ የፊተኛውን ሰው ሰዓት ይወስዳል።»

«እኔ ስሳሳት አይተው ያውቃሉ?»

«ሰው አይደለህ?» አሉኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ ደስ አላት። ሻይ እያፈላች ታንጎራጉር ነበር። «እንግዲህ የእኔን ሰዓት የምትይዘው አንተ ነህ» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ዐይን ዐይኔን አይታ አላናገረችኝም። ወይም እኔ አላየኋትም።

ግንቦት 24፣ ረቡዕ

ጽሑፉን አስረከብኩ። ስምንት መቶ ዐሥራ ሁለት ቃል ሆኖብኝ ዐሥራ ሁለት መቀነስ ነበረብኝ። የባለ ፋርማሲውን ጥቅስ አወጣሁት። እሱ ሃያ አምስት ቃል ነው። በተረፈው ዐሥራ ሦስት ቃል ስለ ኩሬው ጨመርኩ።

ቦታ ስላልበቃ ነው።

ግንቦት 27፣ ቅዳሜ

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ ነገሩ ዝርዝር ነው።

ጠዋት አየሩ ጥሩ ነበር። መሣሪያውን በቀኝ እጄ ይዤ መስመሩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ አርባ ሰዎች ያለ ችግር ገቡ። ከሃያ ሰባት ደቂቃ በኋላ ሰዉ ትንሽ ሳሳ፤ ያኔ ወደ ዛፎቹ መታጠፊያ ቀና አልኩ። ባለቤቴና ባለ ፋርማሲው ጎን ለጎን ብቅ አሉ። እሱ የሆነ ነገር አላት። ሳቀች። ከአራት ኪሎ ሜትር ተኩል በኋላ ሰው በየትኛው ትንፋሹ ይሥቃል?

መሣሪያው እጄ ውስጥ ጢጥ አለ። መስመሩ ላይ ማንም አልነበረም። አርባ አንደኛው ሰዓት ነበር።

ወዲያው ለቲቸር ብነግራቸው ወረቀታቸው ላይ «41 ይሰረዝ» ብለው ጽፈው ያልቅ ነበር። አራት እርምጃ ራቅ ብለው ነው የቆሙት። አልነገርኳቸውም። ምን እያየህ ነበር ቢሉኝስ?

እሱ መጨረሻው ላይ አፈትልኮ ቀድሟት ገባ። 29፡57። ከዚያ እሷ። ስትገባ እኔን አላየችኝም፤ የእጅ ሰዓቷን ነው ያየችው። ተጫንኩ። መስኮቱ ላይ 30፡04 አለ። ሠላሳ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እዚህ አልጽፈውም።

ዘጠና ሦስት ሰዓት፣ ዘጠና ሁለት ካርድ። ቲቸር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩና «አንዱ ካርድ ሳይወስድ ሄዷል» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። መሣሪያውን መልሼ ሰጠኋቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ በስልክ መጣ። ሃምሳ ሰባተኛ ባለ ፋርማሲው፣ 29፡49። ሃምሳ ስምንተኛ ባለቤቴ፣ 29፡57።

የእሱን ሰዓት ነው የሰጠኋት። በራሴ አውራ ጣት።

ስልኩን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ገልብጣ አስቀመጠችውና ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ልጃችን ደወለች፤ ባለቤቴ ተመልሳ ስልኩን ወሰደችና ድምፁን ከፍታ ከውጭ ስታወራ እሰማለሁ። «እማዬ፣ ከሠላሳ በታች ገባሽ እኮ።» «እስቲ ተይው አሁን።» «እንዴት ነው የምተወው?» «ተይው አልኩሽ የኔ ልጅ፤ ሌላ ጊዜ እናወራለን።»

እራት ላይ ጠበቅኩ። አንድም ቃል አላነሣችም። ስምንት ወር የለፋችበት ነገር ነው፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ጨው ነው ያወራችኝ። ደስታዋን ከእኔ ደበቀች። ለሌላ ሰው አስቀምጣው ይሆናል።

ግንቦት 29፣ ሰኞ

ከሥራ በፊት፣ በጥድፊያ።

አርባ አንደኛው። እሱን ብቻ ነው የማስበው። ከአርባ አንድ እስከ ዘጠና ሁለት፦ ሃምሳ ሁለት ሰው ያልሮጠውን ሰዓት ይዞ እየኖረ ነው። የአውቶቡስ ሹፌሩ አለበት። እኚያ እናትም አሉበት።

ስህተት ትንሽና ትልቅ የለውም። ይህን ለስንት ጀማሪ ጋዜጠኛ ተናግሬያለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ ድልድይ ርዝመት በሁለት ሜትር ተሳስተን አወጣን፤ ማንም አልጠየቀንም፤ እኔ ነኝ ይታረም ያልኩት። ታዲያ ይህ በምን ይለያል?

በምንም አይለይም።

ግንቦት 30፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሏል። «ቅዳሜ በደንብ እንሮጠዋለን» ስትል ሰማሁ። «አይ፣ እሱ ምንም አያውቅም፤ እንዳይነገረው።»

እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ ለቲቸር ጻፍኩላቸው። ቃል በቃል ይኸው፦

«ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት በምይዝበት ጊዜ ትኩረቴ በመከፈሉ አርባ አንደኛውን ሰዓት ማንም ሳያልፍ ተጭኛለሁ። በዚህ ምክንያት ከአርባ አንደኛ እስከ ዘጠና ሁለተኛ ያሉ ሯጮች ሰዓት ትክክል አይደለም። አርባ አንደኛው ተሰርዞ ዝርዝሩ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

አርባ ቃል አይሞላም። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሙሉ። ካነበብኩት በኋላ ለባለቤቴ አስቀድሜ ልንገራት ብዬ አሰብኩ። ክሊኒክ ናት፤ ሥራ ይበዛባታል። ላክሁት።

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። ለዚያ ይሆናል ዛሬ ከሰዓት ሁለት ጊዜ እጄን የታጠብኩት።

ሰኔ 3፣ ዓርብ

የታረመው ዝርዝር ቀትር ላይ ወጣ። ከላዩ ላይ ቲቸር «በሰዓት ያዡ ጥቆማ መሠረት» ብለው ጽፈውበታል። ክብር የሰጡኝ መስሏቸው ነው።

የሯጮቹ የስልክ መወያያ ሲንጫጫ ዋለ። ሹፌሩ፦ «ሦስት ሰከንድ ናት፤ እንኳን ለቤት ሰው አልነገርኩ።» ሌላው፦ «ጋዜጣው እርማት አወጣብን።» የሳቅ ምልክት ተከተለው። ስሜ ተመልሶልኛል።

ማታ ባለቤቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ስህተት ነበር። 30፡04 ነው የገባሽው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሠላሳ ከአራት መሆኑን። የእጅ ሰዓቴ ላይ ነበር። ቅዳሜ ዝርዝሩን ሳየው ነው ስህተት መሆኑን ያወቅሁት።»

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ድምፄ የጠያቂ ሳይሆን የመርማሪ ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ።

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አደረገች። «ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ሜዳ ፊትህ ጠቁሮ ነው የምትመለሰው። ያን ሰዓት ሲሰጡህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆንክ። በመጀመሪያ ቀንህ ተሳሳተ እንዲሉህ አልፈለግሁም። ለባለ ፋርማሲውም ነግሬዋለሁ፤ የእሱም ሰዓት ተሳስቷል፣ ያውቃል። ዝም እንበልና ቅዳሜ በደንብ እንሮጠው፣ ያኛው ይረሳል ተባብለን ነበር።»

ማክሰኞ የሰማሁት ይህን ነው ማለት ነው።

«ብትነግረኝ» አለች፤ «ብትነግረኝ እኮ አብረን እንጽፈው ነበር። ከጎንህ ተቀምጬ።» ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «የጻፍከው ለስህተቱ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለስህተቱ» አልኩ።

አየችኝ። «እሺ» አለች።

የተጋባን ዕለትም እሺ ብላኛለች። ቃሉ አንድ ነው።

ሰኔ 4፣ ቅዳሜ

ሳትቀሰቅሰኝ ሄደች። ጫማዋን በእጇ ይዛ በካልሲ ነው የወጣችው። ነቅቼ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ተመለሰች፣ ታጠበች፣ ገበያ ሄደች። አልጠየቅኳትም። ዝርዝሩን ግን ከፈትኩ። 30፡22። ከአዲሱ ሰዓት ያዥ ስም ሥር ምንም ማስታወሻ የለም።

ከሠላሳ በታች ባለመግባቷ ደስ እንዲለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። እዚህ ድረስ መጠበቄን ግን እጽፋለሁ።

ሰኔ 6፣ ሰኞ

ጽሑፉ ወጣ። የስፖርት ገጹ ሰው ጠረጴዛዬ ጥግ ተቀምጦ አነበበውና «ጋሼ፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። እኛ ቤት ንጹሕ የሚባለው ምንም ስህተት የሌለበት፣ ሌላም ምንም የሌለበት ጽሑፍ ነው።

ከሥራ ስወጣ ለጉልበቴ ቅባት ብዬ ወደ ፋርማሲው ገባሁ። ቅባት እንኳ ሌላም ቦታ ይሸጣል።

ባለ ፋርማሲው ነጭ ጋውኑን ለብሶ ለአንድ ሽማግሌ የክኒን አወሳሰድ እያስረዳ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ጽሑፍህን አነበብነው። ባለቤቴ ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ። የኩሬው ቦታ ደስ ይላል።»

«ያንተን አባባል ቦታ ስላልበቃ…»

«ተወው፤ የእሷ ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ ያለችው ነው። እኔ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው።» ቅባቱን ከመደርደሪያው አወረደ። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሟ በእግርሽ ሂጂ አላት። ሰው ፊት መጨረሻ መውጣቱን አፈረችበት፤ ልትተው ነበር። ያንተ ባለቤት ናት ሩጫዋን እየጨረሰች ተመልሳ አብራት መሄድ የጀመረችው። እኔ ኋላ ነው የተከተልኳት።»

«አልነገረችኝም።»

«የሰው ሕመም ስለሆነ ይሆናል» አለ። «ይህን ጠዋትና ማታ በቀስታ እሸው። ጨክነህ አትሸው።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ስልክ ላይ ነበረች። ቅባቱን ጠረጴዛው ላይ፣ የፋርማሲው ስም ያለበትን ከረጢት ወደ እሷ አዙሬ አስቀመጥኩት። አየችው። ማውራቷን ቀጠለች።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

ዛሬ ባለቤቴን ሦስት ጊዜ «ይቅርታ» ብዬ ልጀምር ነበር። አንዴ ጎረቤት አንኳኳ። አንዴ ውሃው ፈላ። ሦስተኛው ላይ ምንም አልመጣም፤ እኔ ነኝ የተውኩት። ለሃምሳ ሁለት ሰው በጽሑፍ ስህተቱን ያመነ ሰው ለአንዷ በቃል ያቅተዋል።

ሰኔ 9፣ ሐሙስ

ለቲቸር ደወልኩ።

«ሰዓቱን ልስጥህ?» አሉኝ።

«አይስጡኝ። ሌላ ሥራ ካለ ነው።»

«ጭራ የለኝም። ጉልበትህ መራመድ ይችላል?»

ጭራ ማለት ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ነው፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳይቀር። ይችላል አልኳቸው።

ሰኔ 11፣ ቅዳሜ

ከባለቤቴ ጋር አብረን ወጣን። መንገድ ላይ ስለ ልጃችን ቤት ኪራይ አወራን። መናፈሻው በር ላይ ሰደርያውን ስለብስ ቆማ አየችኝና አንገትጌው የተገለበጠውን አስተካከለችልኝ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ሯጮቹ ሄደች።

ፊሽካው ተነፋ፤ ዘጠና ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ስድስት ዓመት በዚያ ሕዝብ መካከል ሆኜ ከኋላ ምን እንደሚመስል አላየሁም ነበር። ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ለመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሜትሮች እኩል ሯጭ ነው። ሁሉም ዛሬ የሆነ ነገር ይሆናል ብሎ ያምናል። ጽሑፌ ውስጥ ይህ የለም።

ከዚያ እኔና የቀጠነችው ሴት፣ የባለ ፋርማሲው ሚስት፣ ብቻ ቀረን። ቀስ ብላ ግን ሳታቆም ነው የምትሄደው።

«ሃምሳ ሁለት ሰው ያሳዘኑት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔም አለሁበት፤ ዘጠና ሁለተኛዋ ነኝ። ሃምሳ ስድስት ደቂቃ ነበርኩ፣ በእርስዎ እርማት ሃምሳ ስምንት ሆንኩ። ለሐኪሜ የፊተኛውን ነግሬዋለሁ፤ እንዳያሳጡኝ።»

አላሳጣዎትም አልኳት። ትንሽ ሄድን። የኩሬው ዳር ጭቃ ስለነበረ ክንዴን ሰጠኋት።

«ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለች። «እዚች ጋ ስንደርስ ባለቤትዎ ሁልጊዜ የምትነግረኝ አንድ ነገር አለ። ‹ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ የሆነ ነገር ይዞ ይመለስ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየዋለሁ፤ ለእኔ ግን አይነግረኝም። ቀናሁበት። ራሴ ሄጄ ልየው ብዬ ነው የገባሁት› ትላለች።»

«አገኘችው?»

«እሱን እሷን አይጠይቋትም?»

ከዛፎቹ ማዶ፣ ከመጨረሻው መስመር፣ ጭብጨባ ተሰማ። ለማን እንደሆነ ከዚህ አይታይም። እኔ ሰዓት አልያዝኩም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴና ባለ ፋርማሲው ከመታጠፊያው ብቅ አሉ፤ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ። ሮጣ መጣች። ፊቷ ቀልቷል፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። የቀጠነችው ሴት ክንዴን ለቀቀችና እጇን ዘረጋችላት። «ስንት ሆነ?» አለቻት።

ባለቤቴ ወደ እኔ አየች፤ ዐይኗ ላይ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ አለችና ሰዓቱን ለሴትየዋ በጆሮዋ ነገረቻት። ሁለቱም ሳቁ። ባለ ፋርማሲው ቀድሞ ያወቀ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለ።

ሦስቱ ተቃቅፈው ወደ መስመሩ መሄድ ጀመሩ። ሁለት እርምጃ ብፈጥን እደርስባቸው ነበር፤ ጉልበቴም አላመመኝም። ቲቸር ግን ጠዋት ሰደርያውን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቁኝ፦ ጭራ ማንንም አይቀድምም፣ ከማንም እኩል አይሄድም።

እርምጃዬን አሳጥሬ ከኋላቸው ሄድኩ።